ይህ ሞስ አዲስ ነው ለማለት ምን ያስፈልጋል?

ክረምት ሲገባ ጅማ ላይ ሞስ የሌለበት ቦታ ማግኘት ይከብዳል። የግንብ አጥር ላይ አለ። የቦይ ጠርዝ ላይ አለ። የአዌቱ ወንዝ ድንጋዮች ላይ፣ የእግረኛ መንገድ ስንጥቅ ውስጥ፣ ያረጀ የቡና ግንድ ላይ አለ። በቦንጋ መንገድ ወጥቶ በለጠ ጫካ የገባ ሰው ደግሞ የዛፉን ቅርፊት ለማየት መጀመሪያ ሞሱን ገለጥ ማድረግ አለበት።

በዚህ ሁሉ መሃል ሳይንስ ገና ስም ያላወጣለት ዝርያ ይኖር ይሆን? ሊኖር ይችላል። እንዲያውም ባይኖር ነው የሚገርመኝ። ግን «ሳይኖር አይቀርም» ማለት ቀላል ነው። «ይኸውና፣ ይሄኛው ነው» ማለት ሌላ ሥራ ነው።

ዜና ላይ «ተመራማሪዎች አዲስ ዝርያ አገኙ» ሲባል፣ አንድ ሰው ጫካ ገብቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «አገኘሁ!» ያለ ይመስለናል። ሞስ ላይ እንደዚያ ብዙም አይሠራም። ጫካ ውስጥ ሞሱ ይለቀማል። አዲስ መሆኑ የሚታወቀው ግን ከወራት፣ አንዳንዴም ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ነው። ከዚህ በፊት ስም ከወጣላቸው ዘመዶቹ ጋር አንድ በአንድ ይነጻጸራል። ከማንኛቸውም ጋር አልገጥም ሲል ነው «አዲስ» የሚለው ቃል የሚነሳው። ስለዚህ አብዛኛው ልፋት ሞሱን ማግኘቱ ላይ አይደለም። ቀድሞ የታወቀ አለመሆኑን ማሳየቱ ላይ ነው።

መጀመሪያ፣ ሞስ የቱ ነው?

በተለምዶ «የዛፍ ሽበት» ስንል ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን ባንድ ስም እንጠራለን። ከቅርንጫፍ ላይ ግራጫ ሆኖ የሚንጠለጠለው ክር መሳይ ነገር ላይክን ነው። ላይክን ፈንገስና አልጌ ተጣምረው የሚኖሩበት ነው። ሞስ ግን ራሱን የቻለ ተክል ነው። አረንጓዴ ነው። ግንድና ቅጠል አለው። ምግቡን ከፀሐይ ብርሃን ራሱ ይሠራል። በማጉያ መነጽር ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ቅጠሎቹን መቁጠር ትችላላችሁ። ላይክን ላይ ቅጠል የሚባል ነገር የለም።

ሊቨርዎርትና ሆርንዎርት የሚባሉ ሌሎች ሁለት ዘመዳም ቡድኖችም አሉ። እርጥብ ጫካ ውስጥ የሌላ ተክል ቅጠል ላይ ተለጥፈው የሚታዩት ደቃቅ አረንጓዴ ነገሮች በአብዛኛው ሊቨርዎርቶች ናቸው። ለዛሬ እነሱን እንተዋቸው። የሞሶቹ ብቻ ቁጥር በዓለም ላይ 12,000 ዝርያ ገደማ ይደርሳል።

ሞስ ሥር የለውም። ከግንዱ ሥር የሚወጡት ቡናማ ክሮች በዋናነት መያዣ ናቸው። አበባ፣ ፍሬ፣ ዘር የለውም። ውሃ የሚወስደው በመላ አካሉ ነው። የቡና ገበሬ «ይሄ ነገር ቡናዬን እየመጠጠ ይገድልብኛል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ «አይመጥም» ነው። ዛፉ ላይ ይቀመጣል እንጂ ከዛፉ ምግብ አይወስድም።

ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የሞተ ይመስላል። ውሃ ሲነካው በደቂቃዎች ውስጥ ይዘረጋል። ይህ ጠባዩ ለሳይንስ ትልቅ ስጦታ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ደርቆ ፖስታ ውስጥ የተቀመጠ ሞስ እንኳ ሙቅ ውሃ ጠብ ሲደረግበት ቅጠሉ ተመልሶ ይዘረጋል። ሕይወቱ አይመለስም፤ ቅርጹ ግን ይመለሳል። ስለዚህ ዛሬ የተለቀመን ሞስ አያት ቅድመ አያቶቻችን በነበሩበት ዘመን ከተለቀመ ሞስ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ይቻላል።

ሌላው መታወቅ ያለበት የስፖር ከረጢቱ ነው። ከአረንጓዴው አካል ላይ ቀጭን ዘንግ ይወጣል። ጫፉ ላይ ትንሽ ከረጢት አለች። ውስጧ ዱቄት የመሰለ፣ ሞሱ የሚራባበት ስፖር አለ፤ ሲደርስ በነፋስ ይበተናል። ይህችን ከረጢት አትርሷት፤ እመለስባታለሁ።

ፖስታው

ለቀማው ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። ዓሥር ጊዜ ወይም ሃያ ጊዜ የምታጎላ ትንሽ ሌንስ፣ ቢላ፣ እርሳስና የታጠፈ ወረቀት ይበቃል። ፌስታል አይሆንም፤ ሞሱ ይሻግታል። ወረቀት ግን አየር ያሳልፋል፤ ሞሱ በራሱ ጊዜ ይደርቃል። እንደ ሌሎች ዕፅዋት በከባድ ነገር መጫንም አያስፈልግም። ከተጫነ ቅርጹ ይበላሻል። ከተቻለ የስፖር ከረጢት ያለበትን መምረጥ ነው። ግንዱ ላይ ያለውን ሁሉ ልጦ መውሰድ ግን ነውር ነው። ለጥናት ትንሽ ይበቃል፤ የቀረው እዚያው ይኑር።

ፖስታው ላይ የሚጻፈው ነገር ከሞሱ እኩል ዋጋ አለው። እኔ እንዲያውም ይበልጣል ባይ ነኝ። አንድ ጥሩ ጽሑፍ ይህን ይመስላል፦

«ኦሮሚያ፣ ጅማ ዞን፣ ሸቤ ሶምቦ ወረዳ፣ በለጠ ጫካ። ከባሕር ወለል በላይ 1,950 ሜትር። በሰሳ ዛፍ ግንድ ላይ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ፣ በሰሜን በኩል፣ ጥላ ውስጥ። ከዛፉ ሥር ቡና አለ። ሲደርቅ ቅጠሉ ይጠመዘዛል፤ ቀለሙ ወደ ቢጫ ያደላ አረንጓዴ ነው።»

ከዚህ ላይ የጂፒኤስ ነጥብ፣ ቀን፣ የለቃሚው ስምና የናሙና ቁጥር ይጨመራል። እያንዳንዱ ነገር ምክንያት አለው። ሰሳ ነው ወይስ ዋንዛ የሚለው ልዩነት ያመጣል፤ የአንዱ ቅርፊት ሻካራ፣ የሌላው ለስላሳ ነው፤ አንዱ ውሃ ይይዛል፣ ሌላው ቶሎ ይደርቃል። ከግንዱ ሥር የሚበቅለው ሞስና ከላይ ቅርንጫፍ ላይ የሚበቅለው ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ቀለም ደግሞ በደረቀ ናሙና ላይ ከጊዜ ጋር ይደበዝዛል፤ ያኔ ካልተጻፈ በኋላ አይገኝም።

«ጅማ አካባቢ፣ ዛፍ ላይ» ተብሎ ብቻ የተጻፈበት ናሙና ምንም ያህል ብርቅ ዝርያ ቢሆን ማንም ተመልሶ ሊያገኘው አይችልም። ወጣት ተመራማሪዎች ይህን ክፍል ሲቸኩሉበት ሳይ ያሳዝነኛል። ሞሱን ሌላ ሰው ሌላ ጊዜ ሊለየው ይችላል። የት እንደነበር የሚያውቀው ግን ያን ቀን እዚያ የቆመው ሰው ብቻ ነው።

ምላጩና ማይክሮስኮፑ

ናሙናው ቤት ሲገባ መጀመሪያ ይርሳል። ሙቅ ውሃ ጠብ፤ ጥቂት መጠበቅ፤ ይዘረጋል። ከዚያ በጥሩ መቆንጠጫ አንድ ቅጠል ከግንዱ ይነቀላል። ቅጠሉ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከአንድ ሚሊ ሜትር የሚያንስም አለ። መስታወት ላይ ተደርጎ ማይክሮስኮፕ ሥር ሲገባ ግን ሌላ ዓለም ነው።

አብዛኛው የሞስ ቅጠል ውፍረቱ የአንድ ሴል ብቻ ነው። ስለዚህ ብርሃን ያልፍበታል፤ እያንዳንዱ ሴል ጥርት ብሎ ይታያል። የሚታየው ነገር ዝርዝሩ ረጅም ነው። ሴሎቹ ረዣዥም ናቸው ወይስ ክብ? ግድግዳቸው ወፍራም ነው ወይስ ስስ? ላያቸው ልሙጥ ነው ወይስ ጥቃቅን ጉብታ አለው? ጉብታው በአንድ ሴል ላይ አንድ ነው ወይስ ብዙ? የቅጠሉ ጠርዝ ጥርስ አለው? በመሃል የሚያልፈው ጅማት ከቅጠሉ ጫፍ ሳይደርስ ይቀራል፣ ጫፉ ላይ ያበቃል፣ ወይስ አልፎ እንደ ፀጉር ይወጣል? ቅጠሉ ከግንዱ ጋር በሚያያዝበት ማዕዘን ላይ ያሉት ሴሎች ከሌሎቹ ይለያሉ? ሁለት ዝርያዎች በዓይን አንድ መስለው በእነዚህ ማዕዘን ሴሎች ብቻ የሚለያዩበት ጊዜ አለ።

ከዚያ ምላጭ ይመጣል። ያው ሱቅ የሚሸጠው ምላጭ ነው፤ አዲስና ስለታም መሆን አለበት። ቅጠሉ ወይም ግንዱ እርጥብ እንዳለ በጣት ጫፍ ይያዛል፤ ምላጩ በጣም በትንሽ በትንሹ እየተንቀሳቀሰ ደጋግሞ ይቆርጣል። ከተቆረጡት ብዙዎቹ ወፍራም ናቸው፤ ይጣላሉ። በመሃላቸው ጥቂት በጣም ስስ ቁራጮች ይገኛሉ። እነዚያ ላይ የመሃል ጅማቱ ውስጥ ይታያል፤ ስንት ዓይነት ሴል እንዳለው፣ ወፍራም ግድግዳ ያላቸው ሴሎች በአንድ በኩል ናቸው ወይስ በሁለቱም። ይህ የእጅ ሥራ ነው፤ ትዕግሥት እንጂ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ማይክሮስኮፕ ያለው የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ ሊሠራ የሚችል ነው።

አሁን ከረጢቷ። ከላይዋ እንደ ቆብ የሆነ ሽፋን አለ። ከቆቡ ሥር ክዳን አለ። ክዳኑ ሲወድቅ በአፏ ዙሪያ ጥርሶች ይታያሉ። ብዙ ሞሶች 16 ጥርስ አላቸው፤ በብዙዎቹ ላይ ከውስጥ በኩል ሁለተኛ ረድፍ ይኖራል። 4 ብቻ ያላቸው አሉ። 32 ወይም 64 ያላቸው አሉ። ጭራሽ ጥርስ የሌላቸውም አሉ። ጥርሶቹ እርጥበት ሲቀየር ይንቀሳቀሳሉ። በማጉያ እያያችሁ በቀስታ ትንፋሽ ብታደርጉባቸው ይታጠፋሉ ወይም ይዘረጋሉ። ስፖሩ ባንዴ ተዘርግፎ እንዳያልቅ የሚቆጣጠሩት እነሱ ናቸው። የመጀመሪያ ጊዜ ላየው ሰው ይህን ነገር መርሳት ይከብዳል።

እነዚህ ጥርሶች ለምደባ ቁልፍ መሆናቸውን አስቀድመው ካስተዋሉት አንዱ ዮሃንስ ሄድዊግ ነው። ላይፕዚግ ውስጥ ሐኪም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1799 ሞተ። የሞስ ዝርያዎችን የዘረዘረበት ሥራው ከሞተ በኋላ በ1801 ታተመ። ዛሬም ሕጋዊ የሞስ ስሞች መነሻ ይህ ሥራ ነው። ሌሎች ዕፅዋት የስያሜን ሥርዓት ካስያዘው ስዊድናዊ፣ ከሊኒየስ የ1753 መጽሐፍ ይጀምራሉ፤ ሞሶች ግን ስፋግነም ከሚባለው ቤተሰብ በቀር ከ1801 ይጀምራሉ።

ከማን ጋር ይነጻጸራል?

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚከብደው፤ በተለይ ለኛ አገር።

የኢትዮጵያና የኤርትራን ዕፅዋት የሚዘረዝረው ባለ ብዙ ቅጽ ሥራ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2009 ታትሞ ተጠናቋል። ወደ 6,000 የሚጠጋ ዝርያ ይዟል። ትልቅ ሥራ ነው፤ ልንኮራበት ይገባል። ሞስ ግን የለበትም። ጅማ ላይ አንድ አበባ ያለው ተክል ያገኘ ሰው መጽሐፉን ገልጦ ይፈልጋል። ሞስ ያገኘ ሰው የሚገልጠው የዚህ ዓይነት የአገር መጽሐፍ የለውም። የምሥራቅ አፍሪካን፣ የመካከለኛውንና የደቡቡን፣ የማዳጋስካርን ጽሑፎች እየለቀመ ማመሳከር አለበት።

ደግሞ አፍሪካ ላይ ብቻ ቢቆም አይበቃም። የሞስ ስፖር ከዱቄት የደቀቀ ነው፤ ነፋስ ሩቅ ይወስደዋል። ብራዩም አርጀንቲየም የሚባለው ብርማ ሞስ በየከተማው ሲሚንቶ ስንጥቅ ውስጥ የሚበቅል ነው፤ አንታርክቲካን ጨምሮ በሁሉም አህጉር ይገኛል። ከሰል ተከስሎበት የነበረ መሬት ላይ ቀድሞ የሚበቅለው ፉናሪያ ሃይግሮሜትሪካም ዓለምን ያዳረሰ ነው። ስለዚህ በለጠ ላይ የተገኘ «እንግዳ» ሞስ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ካሜሩን ላይ ወይም ሕንድ ውስጥ ስም ወጥቶለት ሊሆን ይችላል። «ኢትዮጵያ ውስጥ አይታወቅም» እና «በዓለም አይታወቅም» በጣም የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ራሱ ሊታተም የሚገባው ግኝት ነው። አዲስ ዝርያ ግን አይደለም።

ታሪኩም የራሱን ጣጣ ትቶልናል። ጊዮርግ ዊልሄልም ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ ዕፅዋት ለቃሚ እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በ1878 አድዋ ላይ እስከሞተ ድረስ በአብዛኛው በሰሜኑ ክፍል ሲለቅም ኖረ። የአጎቱ ልጅ ዊልሄልም ፊሊፕ ሺምፐር ደግሞ ስትራስቡርግ ውስጥ ታዋቂ የሞስ ሊቅ ነበር። ናሙናዎቹ እየተባዙ ለአውሮፓ ዕፅዋት ቤቶች (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ለሚቀመጥባቸው ሄርባሪየሞች) ተከፋፈሉ። ለዚህ ነው «አቢሲኒካ» ወይም «ሺምፐሪ» የሚል ስም ያላቸው ተክሎች የበዙት። ደቡብ ምዕራቡ፣ የቡናው ጫካ፣ ያኔ እንደ ሰሜኑ አልታየም።

በዚያው ዘመን ካርል ሙለር የሚባል የጀርመኗ የሃለ ከተማ ሰው ከአፍሪካ ለሚመጡ ሞሶች ስም ያወጣ ነበር። እጁ ቶሎ ወደ አዲስ ስም ይሄድ ነበር። ብዙዎቹ ስሞች ቆይተው የአንድ ዝርያ ሁለተኛና ሦስተኛ ስም ሆነው ተገኙ። እንግዲህ ዛሬ የሚሠራ ሰው እነዚህን አሮጌ ስሞች ሁሉ መፈተሽ አለበት፤ አንዱ ከእጁ ካለው ሞስ ጋር ከገጠመ የሚጸናው አሮጌው ስም ነው። እንዴት ይፈትሽ? የሙለር ስብስብ በርሊን ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 1943 የበርሊኑ ዕፅዋት ቤት በአየር ድብደባ ተቃጠለ። ስሙና አጭር መግለጫው መጽሐፍ ላይ አለ፤ ሞሱ ግን አመድ ሆኗል። መግለጫው ሁለት ሦስት መስመር ላቲን ከሆነና ስለ ማዕዘን ሴሎቹ ምንም ካላለ ምን ይደረጋል? ያኔ ሌላ ከተማ ውስጥ ቅጂ ናሙና ይፈለጋል። ከተገኘ እሱ ምትክ ሆኖ ይሾማል። ካልተገኘ ጥያቄው ለዓመታት ክፍት ይቆያል። የአንድ ሌሊት እሳት ጅማ ላይ ለሚሠራ ሰው ዛሬም እንቅፋት ነው።

ሞስ ራሱ ያታልላል

አንድ ዝርያ ጥላ ውስጥ ሲበቅል ረዘም፣ ሳሳ፣ ፈዘዝ ይላል። ፀሐይ ላይ ሲበቅል አጠር፣ ጥቅጥቅ ይላል። ሁለቱን ለብቻቸው ያየ ሰው ሁለት ዝርያ ናቸው ሊል ይችላል። ስለዚህ አንድ ናሙና አይበቃም። ከተለያየ ዛፍ፣ ከተለያየ ከፍታ፣ ከተቻለ ከተለያየ ዓመት መሰብሰብ ያስፈልጋል። የሚለካውም አንድ ቅጠል አይደለም፤ ብዙ ቅጠል ከብዙ ግንድ ተለክቶ ዝቅተኛውና ከፍተኛው ይጻፋል። ልዩነቱ በሁሉም ላይ ጸንቶ ከታየ ነው ክርክሩ የሚያዘው።

ጾታም አለ። በአንዳንድ ሞሶች ወንዱና ሴቷ የተለያዩ ተክሎች ናቸው። ማክሮሚትሪየም በሚባለው፣ ዛፍ ላይ በሚበቅለው ጂነስ (የቅርብ ዘመዳም ዝርያዎች ቡድን) ውስጥ፣ ወንዱ በዓይን የማይለይ ድንክ ሆኖ በሴቷ ተክል ላይ የሚያድግባቸው ዝርያዎች አሉ። ይህን የማያውቅ ሰው «ወንድ አልተገኘም» ብሎ ይጽፋል። ወንዱ ግን ፊቱ ነው ያለው።

«ዲኤንኤ አይታይም እንዴ?» የሚል ይኖራል። ይታያል። ከደረቀ ናሙና ላይ ትንሽ ቁራጭ ይበቃል። ከኒውክሊየስና ከክሎሮፕላስት የተመረጡ ክፍሎች ይነበቡና ከሌሎች ጋር ይነጻጸራሉ። በመልክ አንድ የሚመስሉ ሁለት ዝርያዎችን የለየበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሁለት የተባሉትን አንድ ያደረገበትም አለ። ግን ዲኤንኤም ንጽጽር ነው። የሚነጻጸረው ዝርያ ዲኤንኤው ተነቦ ካልተመዘገበ፣ ወይም በስህተት ስም ከተመዘገበ፣ ማሽኑ የሚነግረን ነገር የለም። ደግሞ አንድ ቁንጣሪ ሞስ ውስጥ ሌላ ሞስ፣ አልጌና ፈንገስ ተደባልቀው ይኖራሉ፤ ቁራጩ በማይክሮስኮፕ ካልጸዳ የሌላ ፍጡር ዲኤንኤ ይነበባል። በእኔ እይታ ዲኤንኤ ጥሩ ምስክር ነው፤ ብቻውን ግን ዳኛ አይሆንም። ምላጩንና ማይክሮስኮፑን የሚተካ ገና አልመጣም።

ስም ማውጣት

ሁሉም ተፈትሾ ሞሱ ከየትኛውም ጋር ካልገጠመ ወደ መጻፍ ይኬዳል። ይህን የሚገዛው የአልጌ፣ የፈንገስና የዕፅዋት ዓለም አቀፍ የስያሜ ሕግ ነው። ጥብቅ ነው። ቴሌግራም ወይም ፌስቡክ ላይ ስሙን መለጠፍ አይቆጠርም። ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር ባለው መጽሔት ወይም መጽሐፍ ላይ መውጣት አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በፒዲኤፍ ብቻ መውጣትም ይፈቀዳል። መግለጫው ወይም ልዩነቱን የሚናገረው አጭር ጽሑፍ በላቲን ወይም በእንግሊዝኛ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 2011 ላቲን ብቻ ነበር። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ መጨመር የሚከለክል የለም፤ ጫካውን የሚጠብቁት ሰዎች የሚያነቡት እሱን ስለሆነ ቢጨመር ደስ ይለኛል።

የጽሑፉ ልብ ልዩነቱን የሚናገረው አንቀጽ ነው። ለምሳሌ ያህል፦ «ከቅርብ ዘመዱ የሚለየው የቅጠሉ ጅማት ጫፍ ሳይደርስ በመቅረቱ፣ በእያንዳንዱ ሴል ላይ አንድ ጉብታ ብቻ በመኖሩና የከረጢቱ ጥርሶች የውስጥ ረድፍ የሌላቸው በመሆኑ ነው።» ከዘመዱ ስም ጋር ያልተያያዘ ውብ መግለጫ ብዙ አይጠቅምም። አንባቢው ማወቅ የሚፈልገው «ከማን ነው የሚለየው? በምን?» የሚለውን ነው።

ከዚያ ሆሎታይፕ የሚባል አንድ ናሙና ይመረጣል። ስሙ የሚታሰረው በዚህ ናሙና ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 ወዲህ ያለ እሱ ስም አይጸናም፤ ከ1990 ወዲህ ደግሞ የትኛው ዕፅዋት ቤት እንደተቀመጠ መጻፍ ግዴታ ነው። ገበያ ላይ በክብደት ክርክር ሲነሳ ሁሉም ወደ ሚዛን ድንጋዩ እንደሚመለስ፣ ወደፊት «ይህ ስም የየትኛው ሞስ ነው?» የሚል ክርክር ሲነሳ ሁሉም ወደዚህ ናሙና ይመለሳል። ከዚያው ለቀማ የተከፈለ ቅጂ ሌላ ቦታ ቢቀመጥ ደግሞ የበርሊን ዓይነት እሳት ቢመጣ እንኳ መጠባበቂያ ይኖራል። ጅማ ላይ ለተለቀመ ሞስ ዋናው ናሙና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ቢቀመጥና ቅጂው ወደ ውጭ ቢሄድ ጥሩ ነው እላለሁ። ሺምፐር ከለቀማቸው ጋር ለማነጻጸር እኮ ዛሬም ፊታችንን ወደ አውሮፓ ነው የምናዞረው።

ቅጂ ወደ ውጭ ሲላክ ሕግ አለ። የጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀምን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ነው። ያለ ኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ማውጣት አይቻልም። ጫካ ውስጥ ለመልቀምም አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ነው።

ስሙ ሁለት ክፍል አለው፤ ጂነሱና ዝርያው። ከቦታ ከተወሰደ «ጂሜንሲስ» ሊባል ይችላል። ጂነሱ ብራዩምን የመሰለ፣ በላቲን ወንድም ሴትም ያልሆነ ስም ከሆነ ደግሞ «ጂሜንሴ» ይሆናል። በራስ ስም መሰየም በሕግ አልተከለከለም፤ በባለሙያዎች ዘንድ ግን ያሳፍራል። የጂነሱን ስም ደግሞ ለዝርያው መድገም በእንስሳት ይፈቀዳል፣ በዕፅዋት አይፈቀድም።

ስም ሲወጣ በደንብ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ለምን እንደሆነ ጅማ ላይ ማስረዳት ቀላል ነው። ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ቡናን «አራቢካ» አለው። ያወቀው በዓረብ በኩል ስለነበረ ነው። ቡና የበቀለው እዚህ መሆኑ ከታወቀ ስንት ጊዜው ነው። ስሙ ግን አይቀየርም። የስያሜው ሕግ «ስሙ አይገልጸውም» በሚል ምክንያት ብቻ የጸና ስም እንዲነሳ አይፈቅድም። ለሞሱም የሚወጣው ስም እንደዚያው ነው፤ አንዴ በሕጉ ከታተመ ይኖራል።

ከዚያስ?

ጽሑፉ ሌሎች የሞስ ባለሙያዎች ካዩትና ካረሙት በኋላ ይታተማል። ያም ሆኖ ዝርያው የቀረበ ክርክር እንጂ የተዘጋ ፋይል አይደለም። ነገ ሌላ ሰው አንድ የተረሳ ናሙና አውጥቶ «ይሄ እኮ ያው ነው» ሊል ይችላል። ያኔ አዲሱ ስም ወደ ተደራቢ ስም ይወርዳል። ይህ ውርደት አይደለም። ናሙናው፣ ልኬቱና ሥዕሉ በደንብ ከተቀመጡ ሥራው እንደጠቀመ ይቀጥላል።

የሚያስቸኩለው ጉዳይ ሌላ ነው። አዲስ ዝርያ ብዙ ጊዜ የሚገለጸው ከአንድ ወይም ከሁለት ቦታ በተገኘ ናሙና ነው። በእርግጥ ብርቅ ነው ወይስ ሌላ ቦታ የፈለገው ስለሌለ ነው? ካልታወቀ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መመዘኛ «በቂ መረጃ የሌለው» ከሚባሉት ተርታ ይገባል። ያ ማለት ጫካው ሲመነጠር ስለ እሱ ለመከራከር የሚያስችል ወረቀት የለም።

ስለዚህ ከኅትመቱ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ተመልሶ መፈለግ ነው። እዚህ ላይ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጥሩ ፍንጭ ሰጥታለች። ክሪስቶፈር ሂላንደርና ስለሺ ነሞምሳ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ዛፍ ላይ ከሚበቅሉት የጫካ ተክሎች ብዙዎቹ በቤት ጓሮ ቡና ላይም እንደሚገኙ አሳይተዋል። እንግዲህ በለጠ ወይም ጌራ ጫካ ውስጥ የተገኘ ሞስ አጋሮ ዙሪያ አንድ ሰው ጓሮ ያለ ያረጀ ቡና ላይም ሊኖር ይችላል። ፈላጊው ከጫካው ጠባቂ ጋር ብቻ ሳይሆን ከባለ ጓሮዎቹም ጋር መነጋገር አለበት፤ የድሮ ዛፎቻቸው የትኞቹ እንደሆኑ፣ ቡናው መቼ እንደተጎነደለ፣ ግንዱ መቼ እንደተፋቀ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በየጓሮው አለመገኘቱም ይመዝገብ። «እዚህ ተፈልጎ የለም» የሚል ማስታወሻ «እዚህ አለ» ከሚለው ያላነሰ መረጃ ነው።